ባለ ስፌት ጫማ በጥንቱ ጫማ ሰፊ መሣሪያ ለመሥራት

የአሜሪካዋ ቦስተን በ1630 እ.ኤ.አ. ስትቆረቆር ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻቸው ያደረጓት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ሁለቱ ከተሞች የእድሜ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ዐፄ ፋሲል ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ በ1648 እ.ኤ.አ.፣ የቦስተን ጫማ ሰፊዎች ብልሹ ሥራ በዛ ሲሉ ከተማዋ ለነበረችበት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሸንጎ አቤት ብለው ማኅበር የሚያቋቁሙበት የሦስት ዓመት ፈቃድ አገኙ። ፈቃዱ የሙያውን ሥራ እንዲቆጣጠሩ ሥልጣን ሲሰጣቸው፣ ለራሱና ለቤተሰቡ የሚሆን ቆዳ ይዞ የመጣውን ሰው ግን አንሠራልህም ብለው እንዳይመልሱት አስጠንቅቋቸዋል። ይህ መመሪያ እነዚያ ሰዎችና ተከታዮቻቸው እስከ ዐሥራ ስምንተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ይጠቀሙበት በነበረው መሣሪያና አሠራር፣ ጎንደር ውስጥ በሚገኝ ቆዳ፣ ሰምና እንጨት አንድ ጥንድ የወንድ ጫማ መሥራት ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው።

ስለ ቃላቱ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እኛ ዘንድ የቅኝ ግዛት ዘመን የሚባል የለም፤ ያለው ጎንደር ከመጋቢት 23 ቀን 1928 እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ድረስ ያየችው የጣልያን ወረራ ነው። ይሁንና ዛሬ በየሱቁ ደጃፍ ፎርማ፣ ታኮ፣ ማስቲሽ፣ ፒንሳ፣ ሊስትሮ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ሲሆኑ፣ ወስፌ፣ ጉጠት፣ ጠፍር፣ ገበርና ዘለበት ደግሞ የራሳችን ናቸው። በዚህ ሥራ ከመጀመሪያው ዝርዝር ፎርማው፣ ማለትም ጫማው የሚወጠርበት እግር መሳይ እንጨት፣ እና ታኮው ያስፈልጉናል፤ ማስቲሹ ግን አያስፈልግም። በማስቲሽ የተጣበቀ ሶል ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ ጫማው አብሮ ይጣላል፣ በክር የተያዘው ሶል ግን ስፌቱ ተፈትቶ በሌላ ይተካል። ከዚህ በታች የሚነገረው እያንዳንዱ አድካሚ ነገር የሚደከምለት ለዚህ ነው።

በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች አዲስ ጫማ የሚሰፋው ባለሙያ ኮርድዌይነር ይባል ነበር፤ ስሙ በቆዳዋ ከታወቀችው ከስፔኗ ኮርዶባ የተወሰደ ነው። አሮጌውን የሚጠግነው ኮብለር ሲሆን፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ መጥራት ኮርድዌይነሩን ያስቀይመው ነበር። እኛ ሁለቱንም ጫማ ሰፊ እንላለን። ቆዳውን የሚያለፋውን ሰው ግን ፋቂ እያሉ መስደብ የቆየ ነውር ነው፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ስድቡ በአንድ ቀን እንዳልጠፋ በዚህ ሙያ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

መሣሪያው

የጥንቱ ጫማ ሰፊ መሣሪያውን በአንድ ከረጢት አንጠልጥሎ ከእርሻ ቤት ወደ እርሻ ቤት እየዞረ፣ በየቤቱ እያደረና እየበላ የቤተሰቡን ጫማ ሁሉ ሰፍቶ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ መሣሪያው ብዙ አይደለም። ፎርማ፣ ስለታም ቢላዋ፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ሁለት ወስፌዎች፣ እርካብ፣ የጭን ድንጋይ፣ ሰም፣ ለስላሳ አጥንትና ጥቂት ምስማር ካገኙ ሥራ መጀመር ይችላሉ።

ወስፌው ከሁሉ ይበልጣል። በየመንገዱ ዳር ጫማ የሚጠግኑ ወንድሞቻችን የሚይዙት ወስፌ ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው ነው፤ ቆዳውን ወግቶ ከሥር ክሩን እየጎተተ ያወጣል። ይህ ለጥገና ፈጣን ቢሆንም፣ መንጠቆው በወጣ ቁጥር የቀዳዳውን ግድግዳ ስለሚቧጭር ለዚህ ሥራ አይሆንም። እርስዎ የሚያስፈልግዎ መንጠቆ የሌላቸው ሁለት ወስፌዎች ናቸው፤ አንዱ ቀጥ ያለና ቀጭን ሆኖ ለላይኛው ቆዳ፣ ሌላው እንደ ጨረቃ የጎበጠና ወፈር ያለ ሆኖ ለውስጠኛው ሶል ያገለግላል። ጎባጣውን ጠንካራ የብረት ዘንግ በከሰል አግለው፣ በመዶሻ ጎበጥ አድርገው ማበጀት ይቻላል፤ ጫፉ ክብ ሳይሆን ሞላላ እንዲሆን በድንጋይ ይሳሉት፣ ምክንያቱም ሞላላ ቀዳዳ ክሩ ካለፈ በኋላ መልሶ ይገጥማል። እጀታው ከወይራ ቢሆን መልካም ነው፤ መዳፍ ውስጥ የሚገባው ጫፉም ድቡልቡል ይሁን።

የጭን ድንጋዩን ከቀሃ ወይም ከአንገረብ ወንዝ ዳር ያገኙታል። ውሃ ያለሰለሰው፣ አንድ ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ መሃሉ በጣም በጥቂቱ ጎድጎድ ያለ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ጥቁር ድንጋይ ይምረጡ። የሶሉ ቆዳ የሚቀጠቀጠው በዚህ ላይ ነው። መዶሻው ፊቱ ሰፊና እብጥ ያለ መሆን አለበት፤ የአናጺ መዶሻ ጠርዙ ስለታም በመሆኑ ቆዳው ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ እየተወ ይሄዳል፣ ሌላ ካላገኙ ጠርዙን በሞረድ ያድቦልቡሉት። እርካብ የሚባለው ሁለት ጣት ስፋት ያለው ረጅም ጠፍር ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ይጋጠሙና ክብ ይሆናል፤ ጫማው ጭንዎ ላይ ሆኖ ጠፍሩ በላዩ ያልፋል፣ የታችኛውን መታጠፊያ በግራ እግርዎ ይረግጡታል። እግርዎን ሲጫኑ ጫማው ይያዛል፣ ሲያላሉ ይዞራል። ሁለቱ እጆችዎ ነፃ የሚሆኑት በዚህ ነው።

መቀመጫው ዝቅ ያለ በርጩማ ይሁን፤ ጉልበትዎ ከወገብዎ ከፍ ሲል ጭንዎ ጠረጴዛ ይሆናል። ስለ ብርሃንም ልጨምር፤ የዚያን ዘመን ሰዎች ማታ ሲሰፉ ውሃ የተሞላ ድቡልቡል ብርጭቆ በሻማው ፊት አስቀምጠው ብርሃኑን ሰብስበው በስፌቱ ላይ ያሳርፉት ነበር። መብራት በጠፋ ማታ በአንድ ክብ የብርሌ ሆድ ሞክሬው በትክክል ይሠራል፤ ሰፈሬ ውስጥ ግን ጠጅ እየጠጣ ይሰፋል የሚል ወሬ አስከትሎብኛል።

ክሩና ሰሙ

አንድ ጫማ ክሩ የያዘውን ያህል ይኖራል። የቦስተን ጫማ ሰፊዎች በተልባና ሄምፕ በሚባል ተክል ጭረት የተፈተለ ክር ነበራቸው። እኛ ተልባን የምንዘራው ለፍሬው እንጂ ለጭረቱ ስላልሆነ፣ የቀረበልን የጥጥ ፈትል ነው፤ ቃጫ ጠንካራ ቢመስልም ሻካራ ስለሆነ ቀዳዳውን ይገዘግዘዋል። ጥጥ ከተልባ ጭረት ይልቅ ስለሚደክም ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይገባል፤ እነርሱ ለዋናው ስፌት ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ነጠላ ክር ካጣመሩ፣ እኛ በጥብቅ የተፈተለ የድር ክር ዐሥራ አራት ያህል እናጣምራለን። እያንዳንዱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ይርዘም።

ክሩ በመቀስ አይቆረጥም፤ ይበጠሳል። ነጠላውን ክር ከጫፉ አንድ ስንዝር ላይ በግራ እጅዎ ይዘው፣ በቀኝ መዳፍዎ ጭንዎ ላይ ከተፈተለበት አቅጣጫ ተቃራኒ ያሹት፤ ጭረቱ ይላላል፣ ያን ጊዜ ቀስ ብለው ሲስቡት እንደ አይጥ ጅራት እየቀጠነ ይለያያል። ሁሉንም ነጠላዎች እንዲህ ካደረጉ በኋላ ጫፎቻቸውን አንዱን ከሌላው በሁለት በሁለት ሴንቲ ሜትር እያስቀደሙ ሲያሰናኟቸው፣ የተጣመረው ክር ከመሃሉ ወፍራም፣ ከሁለቱ ጫፎቹ እስከ አንድ ነጠላ ድረስ የሚቀጥን ይሆናል። ይህን ሳያደርጉ የሚጀምሩ ሰዎች ወፍራሙ ጫፍ በቀዳዳው አልገባም ሲላቸው ቀዳዳውን ያሰፋሉ፤ የሰፋ ቀዳዳ ውሃ ያስገባል።

ሰሙ ብቻውን አይበቃም። ንጹሕ የማር ሰም ክሩን ያለሰልሳል እንጂ በቀዳዳው ውስጥ ነክሶ አይዘውም። ጥንት ዝፍትና የዛፍ ሙጫ ከሰም ወይም ከሞራ ጋር ይቀልጡ ነበር። እኔ የምጠቀመው ሦስት እጅ የማር ሰም፣ አንድ እጅ አዝማሪዎች የማሲንቆ ደጋናቸውን የሚያሹበትን ዓይነት ዕጣንና የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሞራ ነው። ዕጣኑን አድቅቀው ከሰሙ ጋር በትንሽ ጣሳ ያድርጉና ጣሳውን በሚፈላ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡት፤ በቀጥታ እሳት ላይ ከጣዱት ሊቀጣጠል ይችላል። የማይቀልጠው የዕጣኑ ክፍል ከሥር ሲዘቅጥ፣ ላዩን በነጠላ ጨርቅ ቁራጭ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ያጥሉት፤ ከዚያም እንደ ከረሜላ እየሳቡና እያጠፉ ወርቃማ እስኪመስል ድረስ በእጅዎ ያሹት። በጣትዎ ሲነኩት ትንሽ መያዝ እንጂ መለጠፍ የለበትም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለምትገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሰሙ እየደረቀ ይፈረፈራል፤ በእነዚህ ወራት ሞራውን ይጨምሩ፣ በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ይቀንሱት።

የተጣመረውን ክር በምስማር ላይ አንጠልጥለው ሰሙን ከላይ ወደ ታች ጠበቅ አድርገው ያሹበት፤ ከዚያም አንዱን ወገን ጭንዎ ላይ በመዳፍዎ እየገፉ ያክርሩት፣ ሌላውንም እንዲሁ። በመጨረሻ በቆዳ ቁራጭ አጥብቀው ሲፈትጉት ሰሙ ሞቆ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ክሩም አንድ ወጥ ዘንግ ይመስላል።

ጫፉ ላይ መርፌ አይሰካም። መርፌ ጎባጣ ቀዳዳ ውስጥ መታጠፍ ስለማይችል፣ የጥንቶቹ ሰዎች የከርከሮ ወይም የአሳማ ጠጉር በሁለቱ ጫፎች ላይ እየገመዱ እንደ መርፌ ይጠቀሙበት ነበር። ይህን ጉዳይ ለጎንደር ሰው ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ ጠጉር የተሰፋ ጫማ አይገዛም። መፍትሔው ከጎርጎራ ዓሣ አጥማጆች ዘንድ የሚገኘው የናይለን ክር ነው። አንድ ስንዝር ያህሉን ቆርጠው እኩል ያጥፉት፤ የክሩን ቀጭን ጫፍ በሁለቱ እግሮቹ መካከል አስገብተው አብረው ይግመዱት፤ ግመዳው ሲያልቅ ክሩን በወስፌ ሰንጥቀው የናይለኑን ጫፍ በስንጥቁ ውስጥ ያሳልፉና ይሳቡት። በደንብ ከተሠራ መጋጠሚያው በጣት ሲዳሰስ አይታወቅም።

ቆዳው

ለሶልና ለውስጥ ሶል የበሬ ቆዳ ያስፈልጋል፤ ከጀርባው የተወሰደው ይመረጣል፣ የሆዱ ቆዳ ልል ስለሆነ ይለጠጣል። የውስጥ ሶሉ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይወፍር፤ የውጪውም እንዲሁ ወይም ትንሽ ይብለጥ። ለላይኛው የጥጃ ወይም ጠንካራ የፍየል ቆዳ፣ ለገበር የበግ ሌጦ ይበቃል። ዋናው ነገር ግን ቆዳው የለፋበት መንገድ ነው። በቀንጠፋ፣ በግራር ልጣጭ ወይም በመሰል ዕፅ የለፋ ቆዳ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ የያዘውን ቅርጽ አይለቅም፤ ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋው ግን ሲረጥብም ሲደርቅም ያው ነው፣ ቢቀጠቅጡትም አይጠብቅም። ሲገዙ ጫፉን በቢላዋ ጨረፍ አድርገው ይመልከቱ፤ መሃሉ ሰማያዊ ግራጫ ከሆነ ክሮም ነው፣ ዳር እስከ ዳር ቡኒ ከሆነ በዕፅ የለፋ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሻጩ በአገር ባህል የለፋ ነው ብሎ ቢምልልዎትም ቢላዋዎን ይመኑ።

ቆዳን ማርጠብ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የሶሉን ቆዳ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ ትንንሽ አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም ያውጡትና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያሳድሩት። ሲነጋ ውጪው ወደ ቀድሞ መልኩ ተመልሶ ንክት ሲያደርጉት የሚቀዘቅዝ፣ ሲያጥፉት በጠፈፈ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ብቅ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ለሥራ ደርሷል። ውሃ እየተንጠባጠበበት ያለ ቆዳ ቢሰፉ፣ ሲደርቅ ይሸበሸብና ስፌቱ ይላላል፤ የደረቀ ቆዳ ቢሰፉ ደግሞ ወስፌው ይሰበራል።

ማድረቁም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቀንና ሌሊት በማያቋርጥበት ሰሞን፣ ደንበኛ ስለቸኮለብኝ በፎርማ ላይ የተወጠረ ጫማ ከከሰል ምድጃ አጠገብ አሳደርሁ። ጠዋት ስመለስ የውስጥ ሶሉ ጠርዝ እንደ ቂጣ ተጠቅልሎ ከፎርማው ተላቋል፤ ቢላዋዬን ሳስጠጋው እንደ ሸክላ ተሰበረ። ሦስት ቀን የደከምሁበትን የላይኛውን ቆዳ ፈትቼ ሌላ የውስጥ ሶል ቆርጬ እንደገና ጀመርሁ፤ ደንበኛውም የቸኮለበትን ሠርግ በአሮጌ ጫማው ሄደ። ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ፣ በበጋ ሁለት ቀን፣ በክረምት አራትና አምስት ቀን ይጠብቁት።

ልክና ፎርማ

የእንግሊዞች የጫማ ቁጥር የሚሄደው በገብስ ቅንጣት ነው፤ አንድ ቅንጣት የኢንች ሲሶ፣ ማለትም 8.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህ አቆጣጠር በ1688 እ.ኤ.አ. ተጽፎ ይገኛል። እርስዎ ግን ቁጥር አያስፈልግዎትም። አንድ ረጅም ወረቀት በጣት ስፋት ይቁረጡና የእግሩን ርዝመት፣ የጣቶቹን ሥር ዙሪያና የእግሩን አናት ዙሪያ እየለኩ በጥርስ ምልክት ያድርጉበት፤ የባለቤቱን ስም ጽፈው ይስቀሉት። የጥንቱም ጫማ ሰፊ ደንበኞቹን የሚያውቃቸው እንዲህ ባለ የተቆራረሰ ወረቀት ነበር።

ፎርማው ከዋንዛ ቢቀረጽ ይቀላል፤ ወይራ ይበልጥ የሚቆይ ቢሆንም ለመቅረጽ ትዕግሥት ይፈታተናል። ደስ የሚለው ነገር የዚያ ዘመን ፎርማ ቀኝና ግራ የለውም። ከ1600 እ.ኤ.አ. ገደማ በኋላ ከፍ ያለ ታኮ ሲለመድ፣ ሁለት ተቃራኒ ፎርማ መቅረጹ አስቸጋሪ ሆኖ ሁለቱም እግር በአንድ ቀጥ ያለ ቅርጽ ይሠራ ጀመር፤ እስከ ዐሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት መባቻም በዚሁ ቀጠለ። ርዝመቱን ከእግሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስበልጡ። የደንበኛው እግር አናቱ ከፍ ያለ ከሆነ ሌላ ፎርማ መቅረጽ አያስፈልግም፤ ፎርማው ላይ የቆዳ ቁራጭ በምስማር ይጨመርና በቢላዋ ይለሳለሳል። ከላይ በኩል ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ መብሳትዎን አይርሱ፤ መጨረሻ ላይ ፎርማውን በመንጠቆ የሚስቡት በእርሱ ነው።

ስፌቱ

የላይኛው ቆዳ ሦስት ቁራጭ ነው፤ አንድ የፊት ክፍልና ሁለት የኋላ ክፍል። ከኋላዎቹ ክፍሎች ወደ ፊት የሚዘረጉ ሁለት ምላሶች በእግሩ አናት ላይ ተደራርበው በዘለበት ይያዛሉ። በዐሥራ ስምንተኛው ምእት ዓመት የወንዶች ጫማ የቆዳው ሥጋ ጎን ወደ ውጪ፣ ጠጉር ጎኑ ወደ ውስጥ ሆኖ ይሠራ እንደነበር ማወቁ ጠቃሚ ነው፤ ሥጋ ጎኑ በሰምና በጥቀርሻ ሲታሽ ጭረት አይታይበትም። የሚጋጠሙትን ጠርዞች በቢላዋ አሳስተው በቀጥታው ወስፌና በአራት ነጠላ ክር፣ በሴንቲ ሜትር ሦስት ወይም አራት ስፌት እየቆጠሩ ይስፏቸው። የተረከዙን ስፌት በገበር ቆዳ ከውስጥ ይደግፉት።

አሁን የውስጥ ሶሉን አርጥበው ከፎርማው ሥር በሦስት ምስማር ይምቱ፤ ፎርማውን እንዲመስል በጠፍር ጠቅልለው ያድርቁትና ጠርዙን ከፎርማው እኩል ይከርክሙት። ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብተው ዙሪያውን የቆዳውን ውፍረት ሲሶ በቢላዋ ቆርጠው ያንሱ፤ ደረጃ ይሠራል። ከዚያ ደረጃ 8 ሚሊ ሜትር ወደ መሃል ሌላ ጎድጓዳ መስመር ይክፈቱ። በሁለቱ መካከል የቀረው ጉብታ ጫማውን በሙሉ የሚሸከመው ነው፤ ጎባጣውን ወስፌ ከደረጃው አስገብተው በጎድጓዳው እያወጡ በየ8 ሚሊ ሜትሩ አስቀድመው ይብሱት። ወስፌው ወደ ፎርማው ዘልቆ ከገባ እግር የሚያርፍበት ፊት ይበሳል፤ ጥልቀቱን በአውራ ጣትዎ ይቆጣጠሩ።

የላይኛውን ቆዳ አርጥበው በፎርማው ላይ ያልብሱትና በጉጠት ይወጥሩ። መጀመሪያ የአውራ ጣቱን ጫፍ፣ ቀጥሎ ግራና ቀኙን፣ ከዚያ ተረከዙን ስበው በምስማር ያስይዙ፤ አንድ ጊዜ ከግራ ከሳቡ ቀጥሎ ከቀኝ ይሳቡ፣ አለዚያ የፊት ክፍሉ ወደ አንድ ወገን ይዞራል። የጣቶቹ ዙሪያ ላይ የሚሰበሰበው ቆዳ ብዙ ሽብሽብ ይኖረዋል፤ ሽብሽቡን ወደ ብዙ ትንንሽ መከፋፈል እንጂ ወደ አንድ ትልቅ እጥፋት መሰብሰብ የለብዎትም።

ቀጥሎ ዋናው ስፌት ይመጣል። 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ 15 ሚሊ ሜትር የሚሰፋና 60 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጠፍር ከጠንካራው የበሬ ቆዳ ይቁረጡና ያርጥቡት፤ ዙሪያ ጠፍር እንበለው። ጫማውን ገልብጠው ጭንዎ ላይ በእርካብ ያስይዙና ታኮው ከሚጀምርበት ቦታ ይጀምሩ። ጎባጣውን ወስፌ አስቀድመው በበሱት ቀዳዳ በኩል አስገብተው የላይኛውን ቆዳና ዙሪያ ጠፍሩን አብረው ይውጉ፤ ወስፌውን ሲያወጡ ዓይንዎን ከቀዳዳው አይንቀሉ፣ ወዲያው አንዱን የናይለን ጫፍ ከውጪ፣ ሌላውን ከውስጥ በዚያው በአንዱ ቀዳዳ ያሳልፉ። ሁለቱ ክሮች በቀዳዳው ውስጥ ይተላለፋሉ። የግራውን ክር በእጅዎ ላይ በጠቀለሉት የቆዳ መከላከያ፣ የቀኙን በወስፌው እጀታ ላይ አንድ ዙር ጠምጥመው፣ ሁለቱን እጆችዎን እንደሚዋኝ ሰው ወደ ጎንና ጎን ይክፈቱ። ሰሙ ሲጠብቅ ጭር የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ድምፁን ካልሰሙ ወይ ክሩ ሰም አንሶታል፣ ወይ ቀዳዳው ሰፍቷል። ክሮቹ ሁለት ስለሆኑ አንዱ ቢበጠስ እንኳ ሌላው ይዞ ይቆያል፤ ባለ መንጠቆው ወስፌ ይህን ስፌት ሊሰጥዎ አይችልም።

ዙሪያው ሲያልቅ ምስማሮቹን ነቅለው የተረፈውን ቆዳ ይከርክሙ፤ በመሃል የቀረውን ጎድጓዳ በቆዳ ቁርጥራጭና በስንዴ ዱቄት ሙጫ ሞልተው ያስተካክሉ። ሙጫው እንደ ቀጭን ገንፎ የተሠራ ዱቄትና ውሃ ብቻ ነው፤ ሥራው ሶሉን እስኪሰፉ ድረስ በቦታው ማቆየት እንጂ ጫማ መያዝ አይደለም። የቦስተን ጫማ ሰፊዎች ለዚሁ ሥራ ራይ የሚባል ስንዴ መሳይ እህል ዱቄት ይጠቀሙ ነበር።

የውጪውን ሶል ከማጣበቅዎ በፊት፣ ተነክሮ ያደረውን ቆዳ የጭን ድንጋዩ ላይ አድርገው ከመሃል ወደ ዳር እየሄዱ ይቀጥቅጡት። መዶሻው መጀመሪያ ላይ የደነዘዘ ድምፅ ይሰጣል፤ ቆዳው እየጠበቀ ሲሄድ ድምፁ ይጠራል፣ ውፍረቱም በዓይን እስኪታይ ይቀንሳል። ከዚያም ሶሉን በሙጫው አጣብቀው በዙሪያ ጠፍሩ ልክ ይከርክሙ፤ በሶሉ ሥር ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው በቢላዋ አጋድመው ቦይ ይቁረጡ፣ ከንፈሩንም ያንሱ። ሁለተኛው ስፌት ዙሪያ ጠፍሩንና ሶሉን ብቻ ያያይዛል፤ ክሩ ከዋናው ቀጠን ይበል፣ በሴንቲ ሜትርም ሦስት ስፌት ይሁን። ሲጨርሱ ቦዩን በሙጫ ቀብተው ከንፈሩን በአጥንት አሽተው ይዝጉት፤ ክሩ ከመሬት ጋር አይነካካም።

ታኮው የቆዳ ንብብር ነው። ከጥራጊው አራት ወይም አምስት ቁራጭ እያነባበሩ በሙጫ አጣብቀው፣ በቀጥታው ወስፌ በስተው ከወይራ የተቀረጹ የእንጨት ምስማሮች ይምቱበት፤ እንጨቱ ርጥበት ሲያገኝ አብጦ ይበልጥ ይይዛል።

ጠርዞቹን በቢላዋ፣ በመቀጠል በብርጭቆ ስባሪ ፋቅ ፋቅ አድርገው በውሃ ያርጥቡና በአጥንት ያሹ፤ ሰም ቀብተው ሞቅ ባለ ብረት ካለሰለሱት ንብርብሩ እንደ አንድ ቁራጭ ይመስላል። ላዩን ለማጥቆር ጥቀርሻ፣ ሞራና ጥቂት ሰም አንድ ላይ አቅልጠው በጨርቅ ያሹበት። ጫማው በፎርማው ላይ በደንብ ሳይደርቅ ፎርማውን አይሳቡ። ሲደርቅ መንጠቆውን በቀዳዳው አስገብተው ተረከዙን ወደ ታች እየገፉ ይሳቡት፤ እጅዎን ወደ ውስጥ አስገብተው የምስማር ጫፍ ቀርቶ እንደሆነ ይዳስሱ።

ጫማውን ለባለቤቱ ሲያስረክቡ ሁለት ነገር ይንገሩት። አንደኛው፣ ሶሉ ሲሳሳ ውስጠኛው ስፌት ሳይታይ ይዞ እንዲመጣ ነው፤ ያን ጊዜ የሚፈታው የውጪው ስፌት ብቻ ሲሆን፣ ዙሪያ ጠፍሩና የላይኛው ቆዳ ሳይነኩ አዲስ ሶል ይሰፋበታል። ሁለተኛ፣ ፎርማው ቀኝና ግራ ስላልነበረው፣ ጫማው አንድ ወገን ብቻ እንዳይበላ ዛሬ በቀኝ ያደረገውን ነገ በግራው ያድርገው።